የዓይን ቆብ ያዥ

«ልጓሙን ልቀቂ፣ ሴትዮ!»

ሴትዮዋ አልለቀቀችም። ከከተማው በር አንስቶ ወደ ድልድዩ የሚተመውን ጦር እየሰነጠቀች፣ በእግረኛው ክርን እየተደቆሰች፣ በፈረሰኛው ስድብ እየተሸኘች የሮጠችው ለዚህ ልጓም ነው። አንድ እግር ጫማዋ ከኋላ ጭቃ ውስጥ ቀርቷል። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ «በሞቴ ያድምጡኝ!» አለች።

በበቅሎ ላይ የተቀመጠው ጎልማሳ የጦሩ ሐኪም ነው። ወታደሩ «ባለመርፌው» ይለዋል። የተዘረገፈ አንጀት መልሶ ይሰፋል፣ የተቆረጠ ጆሮ ቦታው ይመልሳል እየተባለ ይወራለታል። ወሬው ግማሹ ውሸት ቢሆን እንኳ የቀረው ግማሽ ለአንድ ሰው ይበቃዋል።

«ቁስለኛ አለሽ?» አላት።

«ቁስለኛ አይደለም። አባቴ ናቸው። የዓይናቸው ቆብ ወድቋል።»

«እህቴ፣ እኔ የምሄደው ሰው ወደሚሞትበት ነው። የዓይን ቆብ ስለወደቀ የሞተ ሰው አላውቅም።»

«እንግዲያው መጥተው ይወቁ። አባቴ የንጉሡን ማኅተም የሚቀርጹት ሰው ናቸው። ማየት ካልቻሉ በቁማቸው ሞተዋል።»

ሐኪሙ ልጓሙን መጎተቱን ተወ። «ከወደቀ ስንት ጊዜ ሆነው?»

«አሥራ አንድ ዓመት።»

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በምን ዓይናቸው ቀረጹ ታዲያ?»

ሁለት ሌባ ጣቶቿን ፊቱ ላይ ቀሰረች። «በነዚህ» አለች።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ማኅተም መቅረጽ ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ በግራ መሮ፣ በቀኝ መዶሻ። ቆቡ የወደቀበት ሰው ደግሞ ለማየት አንዱን እጁን ለዓይኑ መስጠት አለበት። ያን ጊዜ መሮውን ማን ይያዝለት? ስለዚህ ልጅየዋ ከኋላቸው ትቆማለች። ክርኖቿን ትከሻቸው ላይ አስደግፋ፣ መዳፎቿን ግንባራቸው ላይ ጥላ፣ በሁለት ሌባ ጣቶቿ ሁለቱን ቆብ ወደ ላይ ትይዛለች። እሳቸው ይቀርጻሉ። የቤተ መንግሥቱ ሕግ ደግሞ ሳያልቅ ማኅተሙን ከቀራጩ በቀር ማንም እንዲያየው አይፈቅድም። ያየ ይሰርቃል፣ የሰረቀ የሐሰት ትእዛዝ ያትማል ተብሎ ነው። እናም ይህች ሴት የአባቷን ዓይን ስትከፍት የኖረችው የራሷን ዓይን በጥቁር ጨርቅ አሳስራ ነው። ዘበኛ ያስራታል፣ ዘበኛ ይፈታታል። በመዝገቡ ላይ ሥራዋ «የዓይን ቆብ ያዥ» ተብሎ ሰፍሯል። አባቷ ግን «ጣቴ» ይሏታል፤ ሰፈሩም ሰምቶ ጣቴ አላት፤ በዚያው ቀረ።

አሮጌው ንጉሥ ያን ሁሉ ዓመት በዚህ ነገር ይስቁ ነበር እንጂ አይከፋቸውም። እሳቸው ሲሞቱ ልጃቸው ነገሡ፤ ከአዲሱ ዙፋን ጋር አዲስ ሕግ መጣ። ትናንት የእልፍኝ አስከልካዩ አለቃ ራሱ ቤታቸው ድረስ መጥቶ፣ ሳይቀመጥ ነገሩን አፈረጠው። «ከእንግዲህ ማኅተም ቤት የሚገባ አንድ ሰው ብቻ ነው። ዓይኑ ቢታሰርም ባይታሰርም ሁለተኛ ሰው አይገባም። የአዲሱ ንጉሥ ማኅተም ወር ሳይሞላ ይፈለጋል። ብቻዎን ከቻሉ እሰየው። ካልቻሉ ሌላ ቀራጭ ተዘጋጅቷል።» አርባ ዓመት የሠሩት ሽማግሌ እጅ ነስተው ሸኙት፤ ከዚያ እስከ ዛሬ ጠዋት እህል የሚባል ወደ አፋቸው አልዞረም።

ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው። ሐኪሙ ወደ ድልድዩ ዞሮ አየ። የድንኳን ጋሪዎቹ ገና ተራ ይዘው ቆመዋል፤ አንዱ መንኰራኩሩ ወልቆ ሌላውን ሁሉ ዘግቷል።

«ይሄ ሁሉ እስኪሻገር ፀሐይ ታዘቀዝቃለች» አለ። «ምሪኝ። መጀመሪያ ግን ጫማሽን አንሺ።»

ቤታቸው ከቤተ መንግሥቱ ቅጥር ጋር ተደግፎ የቆመ፣ ባለ አንድ መስኮት የባለሙያ ቤት ነው። አባትየው መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል፤ አገጫቸውን ወደ ላይ ሰቅለው፣ ቅንድባቸውን ወደ ፀጉራቸው ገትረው፣ ግንባራቸው እንደታረሰ ማሳ ተተልትሎ። የማያውቃቸው ሰው ኩራተኛ ይላቸዋል፤ ሰውን በአፍንጫቸው ጫፍ ነዋ የሚያዩት! የሚያውቃቸው ግን ያቺን ቀጭን ክፍተት ፍለጋ አንገታቸው ስንት እንደሚያማቸው ያውቃል።

አክስትየው፣ የአባትየው ታላቅ እህት፣ የሐኪሙን ኮሮጆ ሲያዩ በሩ ላይ ተገተሩ። «ምንድነው እሱ? ቢላ ነው? ዓይንን በቢላ? እኔ በቁሜ ሳለሁ አይሆንም!»

«እትዬ፣ አንቺ ዓይን አለሽ» አሉ ወንድማቸው ከመስኮቱ ሥር። «እባክሽ በሱ እያየሽ ዝም በይ። ሰውዬው ይግባ።»

ሐኪሙ በርጩማ ስቦ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ። ቅንድባቸው እንዳያግዛቸው ግንባራቸውን በአውራ ጣቱ ተጭኖ ያዘ። «ወደ ላይ ይመልከቱ። ወደ ታች። ይጨፍኑ። ይግለጡ።» ቆቡን በሁለት ጣቶቹ ቆንጠጥ አድርጎ የተረፈውን ቆዳ ሳበው፤ ብዙ ተሳበለት። ሽፋሽፍቱ ላይ ተኝቶ፣ ብሌኑን ከግማሽ በላይ ሸፍኖታል። ከዚያ ቆቡን ገልጦ ዓይኑን ራሱን በመስኮቱ ብርሃን ለረጅም ጊዜ አየው።

«ዓይንዎ ጤነኛ ነው» አለ። «ቤቱ ደህና ነው። የወደቀው መጋረጃው ነው። ጡንቻውም ይሠራል፤ ቆዳው ከብዶት ነው።»

ጣቴ ግድግዳውን ተደገፈች። ጤነኛ ነው! አሥራ አንድ ዓመት አንድም ሰው ይህን ቃል ነግሯቸው አያውቅም። በቅጠል ውሃ ያጠባቸው አለ፤ እርጅና ነው ብሎ ያሰናበታቸው አለ፤ እንቅልፍ ይቀንሱ ያላቸውም አለ።

«ይቆረጣል?» አሉ አባትየው።

«ይቆረጣል። ግን ሳልነግርዎ ቢላ አላነሳም። ጥቂት ከቆረጥኩ ዓመት ሳይሞላ ወርዶ እዚያው ይመጣል። አብዝቼ ከቆረጥኩ ደግሞ ዓይንዎ አይከደንም። የማይከደን ዓይን ይደርቃል፣ ይቆስላል፣ ይፈስሳል። ያን ጊዜ ጣትም አያድነውም። በዚህ እጄ ሰባት ሰው ሠርቻለሁ። አምስቱ ያያሉ። አንዱ ተመለሰበት። አንዱ…»

«የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል!» አሉ አክስትየው ደረታቸውን እየመቱ።

አባትየው አገጫቸውን ወደ ልጃቸው አዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ፣ ጣቴ?»

ምን ትበል! ፈርታለች። ቢበላሽ፣ ድልድይ ድረስ ሮጣ አባቷን ያሳወረች እሷ ናት። ቢሳካስ? እውነቱን መናገር ይሻላል፤ ያኛውንም ፈርታለች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ከዚህ ቆብ በቀር ይዛ የምታውቀው ነገር የለም። ይህ ሐሳብ ብልጭ ሲልባት በራሷ አፈረች።

«እኔ ይሁን እላለሁ፣ አባዬ።»

«እንግዲያው ይሁን» አሉ። «ሌላ ሰው ሲቀርጽ እየሰማሁ ከምሞት፣ ልሞክረውና የመጣው ይምጣ።»

ሐኪሙ ዕቃውን በነጭ ጨርቅ ላይ ደረደረ፤ ቀጭን ቢላ፣ ወረንጦ፣ ጥቁር የሐር ክር፣ ከቅንድብ ፀጉር ብዙ የማይወፍር መርፌ። ቢላውን በእሳት ካሳለፈ በኋላ ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከረና ወደ ጣቴ ዞረ።

«ሰው ሲጋደም ቆቡ ይዋሻል፤ ስለዚህ ልኩ የሚወሰደው ተቀምጦ ነው። እኔ በግምት ልወስደው እችላለሁ። ግን በዚህ ቤት ከኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው አለ። ነይ፣ እንደ ሥራ ቦታሽ ያዢልኝ።»

ከአባቷ ኋላ ቆመች። ክርኗን ትከሻቸው ላይ አደረገች፤ ጣቶቿን ቆባቸው ላይ አሳረፈች፤ አነሳች። በጭንቅላታቸው ላይ ጎንበስ ብላ ቁልቁል ስታይ ያ ዓይን ከሥሯ ተገለጠ። ጣቷ የሚሠራውን ሥራ በዓይኗ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው! እርጥቡ፣ ቡናማው ክብ ከነብሌኑ ሙሉ ሆኖ ወጣ። ይህን ያህል ያማረ መሆኑን ማን ነግሯት ያውቃል? ልቧ በደስታ ፈነጠዘ፤ ትንሽ ጨምራ አነሳችው።

«እዚህ ጋ?» አለ ሐኪሙ።

«እዚህ ጋ» አለች።

ከቆቡ እጥፋት ላይ አንድ ጥቁር መስመር አሰመረ፤ ከሱ ከፍ አድርጎ ሁለተኛውን። በመሀላቸው ያለው ቆዳ ነው የሚወጣው። በግራውም ዓይን እንዲሁ አደረገ። አባትየው ሕመም የሚያደነዝዝ መራራ መጠጥ ጥቂት ተጎነጩ። ሐኪሙ ብዙ አልሰጣቸውም፤ እንዲተኙበት አይፈልግም፤ ሲሠራ ግለጡ ክደኑ ማለት አለበት። መደብ ላይ ተጋደሙ። ጣቴ ራስጌ ተንበርክካ ጭንቅላታቸውን በሁለት እጇ ያዘች። አክስትየው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ቢላው ወደ ቀኝ ዓይን ወረደ።

ጣቶቿ ግን ዝም አላሏትም። የሆነ ነገር ጎድሏል። አሥራ አንድ ዓመት በጨለማ ስትይዝ፣ ልኩ ላይ ስትደርስ ከጣቷ ሥር የምትመጣ አንዲት ነገር ነበረች፤ ዓይኑ ሊርገበገብ ሲል ጣቷን መታ የምታደርግ ትንሽ ነገር። መታ ስታደርጋት ገና ዓይኑ ሊከደን ይችላል ማለት ነው። ከዚያ አልፋ ያነሳች ቀን አባቷ እንባቸው ይፈስሳል፤ መሮው ይስታል፤ በቁጣ ይጮኻሉ። ቅድም ስትይዝ ያቺ ነገር ጣቷን መታ አላደረገቻትም።

«ቆይ!» ብላ ጮኸች።

የሐኪሙ እጅ ከቆዳው በላይ ቀጥ አለ። ፊቱ በላብ ርሷል። «ቢላ ወርዶ አይጮህም!» አለ ጥርሱን ነክሶ። «እጄ ቢያመልጠኝስ?»

«ልኩ ልክ አይደለም። አበዛሁት። እያየሁ ስለያዝኩ ነው። እኔ ሳይ አላውቀውም። ዓይኔን እሰሩልኝ!»

«ጦሩ እየተሻገረ ነው፣ እህቴ።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ዓይን ደግሞ ፈስሶ አይለቀምም። እሰሩልኝ!»

አባትየው ከተጋደሙበት፣ «እሰሩላት» አሉ። «ልጄ በዚህ ተሳስታ አታውቅም።»

አክስትየው ከወገባቸው ጥቁር ጨርቅ ፈተው አሰሩላት። አባትየውን ደግፈው ዳግም መስኮቱ ሥር አስቀመጧቸው። ከሩቅ የጋሪዎቹ መንኰራኩር ይሰማል። ጣቴ በምታውቀው ጨለማ ውስጥ ገባችና ትንፋሿ ረጋ። ክርኗ ቦታውን አገኘ፤ መዳፏ ግንባራቸውን አገኘ፤ ጣቶቿ ራሳቸው ሄደው ቆቦቹ ላይ ተቀመጡ። አነሳች። አልመጣችም። ዝቅ አደረገች። ዝቅ፣ በጣም በጥቂቱ። መጣች! ከቀኝ ጣቷ ሥር መታ፣ ወዲያው ከግራው ሥር መታ።

«እዚህ ጋ ነው» አለች በሹክሹክታ።

ሐኪሙ በሌላ ብዕር በቀይ ቀለም አሰመረ። ጨርቁ ሲፈታላት ሁሉም ጎንበስ ብለው አዩ። ቀዩ መስመር ከላይኛው ጥቁር መስመር ዝቅ ብሏል። በመሀላቸው ያለው ርቀት አንዲት የሰሊጥ ፍሬ ቢያስቀምጡበት ይሞላል።

ሐኪሙ ያቺን ቦታ ትኩር ብሎ አያት። ከዚያ ብዕሩን አስቀመጠና ፊቱን በክንዱ ጠረገ። «ስምንተኛው ሰውዬ በዚች ይጠፋ ነበር» አለ። «ሰባተኛውም የጠፋው በዚች ሳይሆን አይቀርም። ሃያ ዓመት ልኩን በዓይኔ ስፈልግ ኖርኩ እንጂ ልክ በጣት ሥር አለ ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።» የላይኛውን ጥቁር መስመር በእርጥብ ጨርቅ አጠፋው፤ አባትየው ዳግም መደብ ላይ ተጋደሙ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ጣቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስታወራው ድምፅዋ ዝቅ ይል ነበር ይባላል። የቆቡ ቆዳ ከሽንኩርት ልጣጭ ይሳሳል። ቢላው በቀዩ መስመር ላይ ሲሄድ መጀመሪያ ምንም አልታየም፤ ከዚያ ደም ፍሬ ፍሬ ሆኖ በመስመሩ ተሰለፈ። ሐኪሙ በወረንጦው ጫፍ ይዞ አንዲት ጠባብ የቆዳ ቅጠል አነሳና ነጩ ጨርቅ ላይ አስቀመጣት። ያን ያህል መከራ ያሳየች ነገር ያቺን ታህላለች! አንድ ሰው እፍ ቢላት ትበራለች።

«ይግለጡ» አለ ሐኪሙ።

አባትየው ገለጡ። በተከፈተው ቆዳ ሥር ጡንቻው ሲሳብ ጣቴ አየችው። ቀይ፣ ቀጭን፣ ሕያው፤ ወደ ላይ ሳብ፣ ወደ ታች ለቀቅ። አሥራ አንድ ዓመት እሷ ረዳሁት ስትል፣ ለካ ይህ ትንሽ ነገር ከሥር ብቻውን ሲታገል ኖሯል። በፍርሃት ተንበርክካ የነበረችው ሴት አሁን ሌላ ዓይነት ነገር ያዛት፤ ጫማ አውልቀው የሚገቡበት ቤት ውስጥ ያለች መሰላት። ትንፋሿን እንኳ ለመልቀቅ ሰጋች።

መርፌው ገባ። ሐሩ ተሳበ፣ ተቋጠረ፣ ተቆረጠ። በቀኙ ሰባት ስፌት፤ በግራው ሰባት።

«ሐኪም» አሉ አባትየው በደከመ ድምፅ፣ ከሦስተኛው ስፌት ላይ።

«አቤት፣ ያምዎታል?»

«ያማል። እኔ የምለው ግን መስመሩ ቀጥ ይበል። በፊቴ ላይ ጠማማ ሥራ ይዤ ባለሙያ ፊት አልቀርብም።»

ሐኪሙ ሳቁን ለመያዝ መርፌውን ለአፍታ ማንሳት ግድ ሆነበት። አክስትየውም ከግድግዳው ሳይዞሩ፣ «ቢሞትም አፉ አይሞት!» አሉ እያለቀሱ።

ፋሻው ታስሮ እንዳለቀ ከድልድዩ በኩል መለከት ተነፋ። ሐኪሙ ዕቃውን እየሸከፈ ቶሎ ቶሎ ነገራት። በአምስተኛው ቀን ስፌቱን ትቁረጥ፤ ፈልቶ በበረደ ውሃ ትጠብ፤ ዝንብ አታስጠጋ። በበቅሎዋ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ደግሞ ልጓሙን ያዝ አድርጎ ቆመ።

«ፋሻው ሲፈታ ሰው ሁሉ ሲገልጡ ነው የሚያየው። አንቺ ሲከድኑ እዪ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ሰው ነቅቶ ሲከድን የተሳካ እንዲመስል ብሎ ዓይኑን ይጨምቃል፤ ተኝተው እዪአቸው። እንቅልፍ አይዋሽም። ሳይከደን ክፍተት ቢቀር፣ ዓይናቸውን በእርጥብ ጨርቅ እየሸፈንሽ ጠብቂ። እብጠት ሊሆን ይችላል።»

«እብጠት ካልሆነስ?»

«አንቺ ባልሽው ልክ ነው የቆረጥኩት» ብሎ በቅሎዋን ኮለኮለ።

በአምስተኛው ቀን ፋሻውን ፈታች፤ በትንሿ መቀስ አሥራ አራቱን ክር አንድ በአንድ ቆረጠች። አባትየው ዓይናቸውን ገለጡ።

አገጫቸው አልተሰቀለም፤ ግንባራቸው አልተተለተለም። ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ሁለት እጃቸው ጭናቸው ላይ ሆኖ፣ ቤቱን አዩት። ከግድግዳ ግድግዳ አዩት። አክስትየው «እሰይ! እሰይ!» እያሉ ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

«ይህ ግድግዳ» አሉ አባትየው በመጨረሻ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የቆሸሸው?» ከዚያ እጃቸውን ከጭናቸው አነሱ፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ዓይናቸው ፊት አድርገው መዳፉን፣ ጀርባውን፣ ጥፍሩን አገላብጠው አዩ። «ሁለቱም አሉ» አሉ። «ጣቴ፣ ሁለቱም እጆቼ አሉ።»

ጣቴ ግን ገና ደስ አላላትም። «ይክደኑ፣ አባዬ» አለች።

ከደኑ። ቀኙ ተከደነ። በግራው ላይ የክር ያህል ነጭ ቀረ።

«ተከደነ?»

መዋሸት ቢቻላት በዋሸች። «ግራው ጥቂት ቀርቷል» አለች። ያቺን መስመር ያሰመረችው የራሷ ጣት ናት። ሐኪሙ ከሁለት ወንዝ ማዶ ነው።

ቀን ቀን ሲጋደሙ ከአጠገባቸው ትቀመጣለች። መጀመሪያ እንቅልፍም እምቢ አሏት። «እንዴት ብዬ ልተኛ? ያላየሁት ስንት ነገር አለ!» እያሉ የጣሪያውን እንጨት ይቆጥራሉ፤ ሸረሪቱን ይጣራሉ፤ እትዬ ምነው ሸበተች ብለው እህታቸውን ያስቆጣሉ። ሲያሸልባቸው ጎንበስ ትላለች። ነጩ ክር እዚያው አለ። እርጥቡን ጨርቅ ታለብሰዋለች። በማግሥቱም አለ። አክስትየው፣ «ምነው ባልሮጥሽ ኖሮ» አሏት፤ ወዲያው ደግሞ ተጸጽተው ራስዋን ዳበሷት።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አባቷ ንግግር ጀምረው በመሀሉ እንቅልፍ ጣላቸው። ጨርቁን አንስታ ጎንበስ አለች። እብጠቱ ጎድሏል። የግራው ቆብ በትንሹ ተንቀጠቀጠ፤ ወረደ፤ የላይኛው ሽፋሽፍት በታችኛው ላይ ሄዶ ተኛ። ነጭ የሚባል ነገር የለም። አላመነችም፤ መቶ ቆጥራ እንደገና አየች። የአባቷ ሁለት ዓይኖች ተከድነዋል፤ ማንም አልያዛቸውም፤ ማንም አላዘዛቸውም። የሰው ልጅ በየቀኑ የሚያደርገውን ይህን ነገር ከዚያ በፊት ልብ ብላ አይታው አታውቅም። እንዳይነቁባት እጅጌዋን ነክሳ አለቀሰች።

ከሳምንት በኋላ አባትና ልጅ የማኅተም ቤቱን ደረጃ ወጡ። ከልማድ የተነሳ አብራቸው በሩ ድረስ ሄደች። የእልፍኝ አስከልካዩ አለቃ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሽማግሌውን ከእግር እስከ ራስ፣ በተለይ ዓይናቸውን፣ ሁለት ጊዜ አየ። «አንድ ሰው» አለ።

«አንድ ሰው» አሉ እሳቸውም፤ ወደ ልጃቸው ዞረው በሁለቱ ዓይናቸው አዩዋትና ገቡ። በሩ ተዘጋ። አለቃው ለዘበኛው አደራ ብሎ ሄደ።

ጣቴ በኮሪደሩ የድንጋይ መቀመጫ ላይ ተቀመጠች። ጣቶቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፍቷት ጉልበቷ መሀል ሸጎጠቻቸው። ከውስጥ መዶሻው ጀመረ። ጭው ባለው ኮሪደር ውስጥ አንድ በአንድ ይሰማል። ሳታስበው መቁጠር ጀመረች፤ በጨለማዋ ውስጥ ሆና ስትቆጥር ነው የኖረችው። ሃያ ሲሞላ ሁልጊዜ ይቆማሉ። «ቆይ እስቲ ትንፋሽ ልውሰድ፤ እርጅና ክፉ ነው» ይላሉ። እሷም ያን ጊዜ ክንዷን አውርዳ ታራግፋለች፤ የዛለ ትከሻዋን ታሻለች። ስንት ጊዜ በልቧ ያንን አጭር ትንፋሻቸውን መርቃለች!

አሥራ ዘጠኝ። ሃያ። ሃያ አንድ።

ቀና አለች። ሠላሳ። አርባ። መዶሻው ፈጣን ነው፤ እኩል ነው፤ የጎልማሳ እጅ ነው። ስልሳ አለፈ። መቶ አለፈ። ማንም ትንፋሽ አልወሰደም።

ዘበኛው ስትንሰቀሰቅ ሰምቶ ደነገጠ። «ምነው? ሥራው እኮ ሰምሮላቸዋል፤ አትሰሚም እንዴ? ምን ያስለቅስሻል?»

«አባቴ አልደከሙም» አለች። «ለካ አንድም ቀን ደክመው አያውቁም።»